የሳሪስ እግረኛ በቀትር የት ይጠለል?

ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ሳሪስ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የት ይቁም? መልሱን ሰልፉ ራሱ ይናገራል። ነጠላ የለበሰችው ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ትከናነባለች፤ ጃንጥላ የያዘችው ትዘረጋለች፤ ተማሪው ደብተሩን አናቱ ላይ ይደፋል፤ ምንም ያልያዘው ደግሞ ወረፋውን በዓይኑ እየጠበቀ ከሱቅ ደጃፍ የቆርቆሮ ክፈፍ ስር ይጠጋል፣ ባለሱቁ «መግቢያውን አትዝጉብኝ» እስኪለው ድረስ። በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ በየቀኑ እንዲህ የሚሆነው ሰው ጥቂት አይደለም። የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፣ ቃሊቲ ጉዳዩን ጨርሶ የሚመለስ አለ፣ ከቂሊንጦና ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የመጣ መንገደኛ አለ፣ ልጅ ያዘለች እናት አለች። መንገዱ አስፋልት አለው፣ ባቡር አለው፣ መብራት አለው። ለእነዚህ ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ ጥላ ግን ስንት ሜትር አለው?

«አዲስ አበባ እኮ ደጋ ናት፤ ጥላ ለድሬዳዋና ለሰመራ ነው» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህ መልስ የቆመው በምን ላይ ነው? በቴርሞሜትር ላይ ከሆነ፣ ቴርሞሜትሩ የት እንደሚቀመጥ እንጠይቅ። የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የአየሩን ሙቀት የሚለካው ነጭ ቀለም በተቀባ፣ አየር በሚያሳልፍ፣ ፀሐይ በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ነው። በሬዲዮ የምንሰማው 25 ወይም 26 ዲግሪ የጥላ ውስጥ ቁጥር ነው። ሰልፈኛው ግን ሳጥን ውስጥ አይደለም። ፀሐይዋ ከላይ በቀጥታ ትወርድበታለች፣ አስፋልቱና ንጣፉ የጠጡትን ሙቀት ከታች ይመልሱበታል፣ የመስታወት ሕንጻውና የቆመው መኪና ከጎን ያንጸባርቁበታል። ሰውነት የሚሰማው የዚህን ሁሉ ድምር ነው። ጠራራ ላይ የዋለ አስፋልት የገጽታው ሙቀት ከአየሩ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ደጋ መሆናችን ከዚህ አያድነንም፤ እንዲያውም በአንድ በኩል ያብሰዋል። ሳሪስ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ የፀሐይዋ ጨረር፣ በተለይ ቆዳ የሚያቃጥለው፣ ብዙም ሳይጣራ ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ በልግ አልፎ አልፎ ጣል ከሚያደርጋት ዝናብ በቀር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ አቧራው የከባድ መኪና ጎማ ተከትሎ ይነሳል። ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ በበጋ የሚያሳልፍ ከተማ «እኔን ደረቅ አየር አይመለከተኝም» ብሎ አደባባዩን መንደፍ ይችላል?

ንድፍ አውጪ ሊስተው የማይገባ ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9ኛው ዲግሪ አካባቢ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ግድም፣ ልክ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በነሐሴ ደመናው ይጋርደናል። በሚያዝያ ግን የሚጋርደን የለም። በዚያ ሰዓት አሥር ፎቅ ሕንጻ እንኳ ለእግረኛው የሚበቃ ጥላ አይጥልም፤ ጥላው ከገዛ ግድግዳው ስር ተሰብስቦ ይቀራል። እንግዲህ የቀትር ጥላ ከጎን አይጠበቅም ማለት ነው። ከላይ መምጣት አለበት፤ ከዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከበረንዳ፣ ከጣሪያ። ፀሐይ ዝቅ ብላ በምትዞርባቸው የሰሜን አገሮች ክፍት ሜዳና ሰፊ ሳር የሚዘጋጀው ሰው ወጥቶ ፀሐይ እንዲሞቅ ነው። እኛ ያንኑ ሜዳ ስንቀዳ ሕዝቡ ምን እንዲሞቅ አስበን ነው?

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። የደብረ ዘይት መንገድ ሳሪስ ላይ በጥቅሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ጠዋት የሕንጻ ጥላ የሚያርፈው በምሥራቅ በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ በምዕራብ በኩል ባለው ላይ። እዚያ የሚመላለስ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፣ ጥላውን ተከትሎ መሻገር ይፈልጋል። ይችላል ወይ? የመንገዱን መሃል የሰሜን–ደቡብ ቀላል ባቡር ይዞታል። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ይህ መስመር ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ ንፋስ ስልክን፣ አደይ አበባን፣ ሳሪስንና አቦ ማዞሪያን አልፎ ቃሊቲ ይደርሳል። በዚህኛው ክፍል ሐዲዱ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ግራና ቀኙም ታጥሯል። መሻገር የሚቻለው በጣቢያዎቹ አካባቢና በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው።

ባቡሩ ለብዙ ሺህ ሰው በርካሽ ዋጋ መንገድ ከፍቷል፤ ይህን አልክድም። ግን ሁለቱ ማዶዎች በስንት ቦታ እንዲገናኙ የወሰነው ባለሙያ ፀሐይ ከየት ወዴት እንደምትሄድ ጠይቆ ነበር? አንድ ኩንታል እህል የተሸከመ ወዛደር ጥላ ፍለጋ ብሎ ረጅም መንገድ ዞሮ ይሻገራል? አይሻገርም። ወይ ጠራራውን ችሎ ይሄዳል፣ ወይ አጥሩን ይዘላል። ሲዘል ሥርዓት የለሽ ተብሎ ይወቀሳል፤ አጥሩን ያለ በቂ መሻገሪያ የዘረጋውን ግን ማን ወቀሰ? ለቀላል ባቡሩ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመው የነበሩባቸውን ዓመታት ስናስታውስ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ባቡር በቀነሰ ቁጥር ሰው ረጅም ሰዓት ይጠብቃል፤ ረጅም ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ጣሪያ ያስፈልገዋል።

በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለእግረኛ ያደረገውን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ከአዲስ አበባ ነዋሪ ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ ይህ ሕዝብ ግን ለዓመታት ከተከመረ ድንጋይና ከተከፈተ ቦይ ጋር እየታገለ ኖሯል። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መሬት ስር የገባ ሽቦ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ምሽት ላይ መብራቱ ሲበራ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ደስ ብሎኛልም። ጥያቄዬ ስለ ቀኑ ነው። ያው ቤተሰብ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ እዚያው ይቀመጣል? አግዳሚው ድንጋይ ወይም ብረት ሆኖ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ከሆነ፣ ማን ነው የሚቀመጥበት? የመሃል ከተማው ንድፍ ወደ ደቡብ ወርዶ ሳሪስንና አቃቂ ቃሊቲን ሲያዳርስ ይህን ጥያቄ መልሶ ይመጣል ወይስ እንዳለ ይገለበጣል?

ዘንባባውን እንውሰድ። በየአውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፎ የምናየው ዘንባባ ለፎቶ ግርማ አለው። ግን ግንዱ ረጅም፣ አናቱ ጠባብ ስለሆነ የሚጥላት ጥላ ትንሽ ናት፤ ፀሐይዋ ጥቂት ስታዘነብል ያቺው ጥላ ከእግረኛው መንገድ ወጥታ አስፋልት ላይ ታርፋለች። ከዚህ ይልቅ ቅርንጫፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቆመው የአገራችን ግራር ምን በደለ? ወይራ በበጋም ቅጠሉን አያረግፍም፤ እርግጥ አስተዳደጉ ዘገምተኛ ነው። ዋንዛ ቶሎ ያድጋል፣ ቅጠሉም ሰፊ ነው። ሾላና ዋርካ መንገድ ዳር ሥራቸው ንጣፍ ይፈነቅላል፣ ለሰፊ አደባባይ ግን ከእነሱ የሚበልጥ አለ? የገጠሩ ሕዝብ ሸንጎውን ያካሄደው፣ ሽማግሌ አስቀምጦ ያስታረቀው፣ ገበያውን የጀመረው ዋርካ ስር ነው። ለየቦታው የሚስማማውን መምረጥ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ምርጫው ግን በየትኛው መለኪያ ነው የሚካሄደው? በመልኩ ነው ወይስ በሚሰጠው ጥላ?

መተከሉ ብቻም አይበቃም። በየንጣፉ መሃል በምትተው ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ በሲሚንቶ ተከብቦ፣ ሥሩ የሚዘረጋበት አፈር የተነፈገ ችግኝ መቼ ነው ዛፍ የሚሆነው? ከበላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ በየዓመቱ አናቱ ይቆረጣል፤ አናቱ የሚቆረጥ ዛፍ ለማን ጥላ ሊሆን ነው? በ2011 ዓ.ም የአረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ የምንሰማው የተተከለውን ችግኝ ብዛት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቁጥሩ ቢለወጥ ምን ነበረበት? በዚህ ክፍለ ከተማ ስድስት ሰዓት ላይ ስንት ሜትር የእግረኛ መንገድ ጥላ ስር ነው ተብሎ ቢነገረን?

ሳሩም አለ። ሳር ዓይን ያሳርፋል፣ አቧራም ይይዛል። በበጋ ግን ያለ ቦቴ ውኃ አይኖርም። አቃቂ የከተማዋን የመጠጥ ውኃ ትልቅ ድርሻ ከጉድጓዶቿ የምታወጣ አካባቢ ናት፤ በየሰፈሩ ውኃ በፈረቃ የሚጠብቅ ነዋሪ ባለበት ከተማ ለአንድ ካሬ ሜትር ሳር የሚፈሰው ውኃ ምን እየመለሰልን ነው? ሳር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጥላ አያገኝም፤ ሥሩ የጸና ዛፍ ግን ራሱን ችሎ ጥላ ይሰጣል። ፏፏቴም እናያለን፤ ያማረ ነው፣ ግን የጠማው ሰው ሊጠጣው አይችልም። ድሮ በየሰፈሩ ቦኖ ነበር፤ ወረፋው ቢያስመርርም ንጹሕ ውኃ በሕዝብ ቦታ ይገኝ ነበር። ዛሬ በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ውኃ የሚጠማ የቀን ሠራተኛ የታሸገ ካልገዛ በቀር ከየት ይጠጣ?

እስከ ዛሬ ለሳሪስ ሰው ጥላ ስትሰጥ የኖረችው ማን እንደሆነችስ ልብ ብለናል? ጉሊት የምትቸረችረው ሴት ናት። ሸራዋን በአራት እንጨት ወጥራ ሽንኩርቷንና ቲማቲሟን ከፀሐይ ስትከልል አብራ ገዢዋንም ትከልላለች። የጀበና ቡና የምታፈላዋ ከሸራዋ ስር በርጩማ ደርድራ መንገደኛውን አሳርፋለች። ሊስትሮው ባለው ጃንጥላ ስር ደንበኛው ጫማውን እስኪያስጠርግ ራሱን ይሰበስባል። መንገዱ ሲጸዳ፣ ደንብ ማስከበር ሲመጣ፣ ሸራው ይነሳል። ሸራው መልክ እንደሚያበላሽ፣ መተላለፊያም እንደሚዘጋ አውቃለሁ። ግን ሸራው ሲነሳ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት በምን ተተካ? ንድፍ አውጪው ወረቀቱ ላይ ከመቀመጡ በፊት እነዚህን ሴቶች ጥላው ከየት ወዴት እንደሚዞር ቢጠይቃቸው፣ ከየትኛውም የኮምፒውተር ምስል የተሻለ መልስ ይሰጡት ነበር። ሥርዓት ያለው፣ ጣሪያውን ከተማው ራሱ የሠራው የመሸጫና የማረፊያ ቦታ በየፌርማታው ለምን አይታሰብም?

ጥላ ያለባቸው ቦታዎች በከተማዋ የሉም አልልም። አንድነት ፓርክ አለ፣ ወዳጅነት ፓርክ አለ፣ እንጦጦ አለ። ሁሉም ከሳሪስ ሩቅ ናቸው፤ አንድነትና ወዳጅነት ፓርክ የሚገባውም በክፍያ ነው። ከፋብሪካ ወጥታ ቤቷ እስክትደርስ ሃያ ደቂቃ ማረፍ ለምትፈልግ ሠራተኛ ይህ መልስ ይሆናል? እሷ የምትፈልገው በእግሯ የምትደርስበት፣ ትኬት የማይጠየቅበት፣ ከዝናብም ከፀሐይም የሚያስጠልል ቦታ ነው። ለብዙ ሰው እስካሁን እንዲህ ያለውን ጥላ ያለ ዋጋ ሲሰጥ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በሰሜን የአገራችን ክፍል፣ በደቡብ ጎንደርና በጎጃም፣ ዙሪያው ታርሶ ሲመለጥ ጥንታዊው ደን በአብዛኛው የተረፈው በአድባራቱ ዙሪያ ነው። የከተማ አስተዳደር ግን ኃላፊነቱን ለአድባራት ጥሎ መቀመጥ ይችላል?

መማሪያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም የምድር ባቡርን ተከትላ ስትቆረቆር ሙቀቱን ተቀብለው ነው የነደፏት። ከዚራ የተባለው ሰፈሯ ጎዳናዎቹን በዛፍ አለበሰ፤ ዛሬም ኒም ስር ወንበር አውጥቶ የማይቀመጥ የድሬ ልጅ የለም። ሐረር ጀጎል ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የመለሰችው። ጠባብ መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ፤ ከቀትር በቀር አንደኛው ግንብ ብዙ ጊዜ ለመንገደኛው ይጋርዳል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እንዲህ ካለው ጥንቃቄዋ ጋር ነው። የፒያሳ የቆዩ ቤቶች ባለ ሰፊ በረንዳ ነበሩ፤ ክረምት ዝናብ ሲጥል፣ በጋ ፀሐይ ሲከር፣ መንገደኛ የሚጠጋባቸው። ይህን ሁሉ የሠራ አገር ለዛሬው የመንገድ ዳር ሕንጻ «ምድር ቤትህ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለእግረኛ በረንዳ ይተው» የሚል ግዴታ ለማውጣት ምን ያግደዋል? በረንዳው ዛፍ እስኪያድግ አያስጠብቅም፤ ሕንጻው ባለቀ ቀን ጥላ ይሆናል።

ከውጭ ማየት የግድ ከሆነም የኮሎምቢያዋ ሜደሊን አለች። እንደ እኛው ተራራማ ናት፤ እነሱም ፕሮጀክታቸውን ኮሪደር ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ 30 የሚሆኑ አረንጓዴ ኮሪደሮችን በመንገድና በወንዝ ዳር ዘረጉ። ሥራው ከዛፍ ጀምሮ ከስሩ ቁጥቋጦ እያነባበሩ መትከል ነበር፤ በኮሪደሮቹ ውስጥ የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ያህል መቀነሱን ከተማዋ አስታውቃለች። የእኛ ኮሪደር ሲመረቅ የሚነገረን በኪሎ ሜትርና በብር ነው። በዲግሪ የሚነገረን መቼ ነው?

ወደ ደቡብ ስንወርድ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ ልብ ያሳዝናሉ። በገላን፣ በቂሊንጦ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በብሎክና በብሎክ መካከል ሰፋፊ ክፍት ቦታ አለ። መሬት አልጠፋም! ብዙው ግን ወይ ራቁቱን የቀረ አፈር ነው፣ ወይ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ልጆቹ በበጋ አቧራ ውስጥ፣ በክረምት ጭቃ ውስጥ ይጫወታሉ። ነዋሪው አዋጥቶ ችግኝ የተከለበት ግቢ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ሰፈር ይመስላል፤ ሽማግሌዎቹ ይወርዳሉ፣ እናቶች ቡና ያወጣሉ። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶው መሬት ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። መርሑ መልካም ነው። ለአረንጓዴ ከተባለው 30 በመቶ ውስጥ የሳሪስ ድርሻ የት እንዳለ ካርታ አንስቶ በጣቱ የሚያሳየን ኃላፊ አለ?

የአዲስ አበባ ከተማ ፕላንና ልማት ቢሮ ባለሙያዎችን በአክብሮት የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ማንኛውም የመንገድ፣ የፌርማታ ወይም የአደባባይ ንድፍ ከመጽደቁ በፊት በአራት፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት ጥላው የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ካርታ አብሮ ይቅረብ። ጥላ የማይደርስበት አግዳሚና ጣሪያ የሌለው ፌርማታ አይጽደቅ። በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ሁለቱን ማዶ የሚያገናኙ መሻገሪያዎች ይጨመሩ። ዛፍ የሚተከልበት ጉድጓድ ስፋትና ጥልቀት እንደ አስፋልቱ ውፍረት በውል ውስጥ ይጻፍ፤ ተቋራጩም የሚከፈለው ስለ ተከለው ብቻ ሳይሆን ከሦስት በጋ በኋላ ቆሞ ስለተገኘው ዛፍ ይሁን።

አንባቢም ድርሻ አለህ፣ ድርሻ አለሽ። በየወረዳው ስለ መንገድና ስለ ልማት ስብሰባ ሲጠራ ስለ ካሳና ስለ መብራት ብቻ ጠይቀን አንመለስ። እጃችንን አውጥተን ንድፉ ላይ የስድስት ሰዓት ጥላው የት እንዳለ እንጠይቅ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።